ቃል የጠፋባቸው ተርጓሚ፤ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት

የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ የኦነሲሞስ ነሲብ ስም አብሮ ይነሣል። ብዙዎቻችን ግን ቋንቋቸውን አጥርተው የሚያውቁ ሊቅ፣ ምንም ሳይቸግራቸው ተቀምጠው የጻፉት ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አልነበረም።

ኦነሲሞስ በ1856 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ግድም ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። አባታቸው ሞቱባቸው፤ በልጅነታቸውም ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዷቸው። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ሙንዚንገር የተባለ የስዊዝ ሰው ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚስዮናውያን ሰጣቸው። በ1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቁ የወጣላቸው ስም፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና የማለደለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። የሚገባ ስም ነበር።

ስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ፤ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቻቸው ለመግባት ቢሞክሩም መንገዱ ተዘጋባቸውና ወደ ምጽዋ አካባቢ፣ ወደ እምኩሉ ተመለሱ። እንግዲህ መጽሐፉን የጀመሩት እዚያ ነው፤ ሊደርሱበት ላልቻሉት ሕዝብ፣ ማን እንደሚያነበው ሳይታወቅ።

ከመንገዱ መዘጋት ይልቅ የከበደው ሌላው ነበር። በልጅነቱ ከቤቱ የተነጠቀ ሰው ምን ያህል ቋንቋ ይዞ ይወጣል? እናት፣ ወተት፣ ጥጃ ማለትን ያውቅ ይሆናል። ስለ ጽድቅ፣ ስለ ኪዳን፣ ስለ ሥርየት የሚጻፍበት ቃል ግን ከሽማግሌዎች መካከል ተቀምጦ የሚለቀም ነው። ኦነሲሞስም ሥራውን ሲይዙ ቃል ጠፋባቸው። አንድ ቃል ቢሳሳት የእግዚአብሔርን ቃል ማጣመም ነውና፣ ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ብዕሩን ባስቀመጠ ነበር።

በ1886 አንድ የጣሊያን መርከብ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ የተጫኑ ባሮችን አስጥሎ ወደ እምኩሉ አመጣ። ከእነርሱ መካከል የሊሙ ኢናርያ ንጉሥ ባሪያ የነበሩት አስቴር ጋኖ ይገኙ ነበር። አስቴር ያደጉት በቋንቋው መካከል ነው፤ የማስታወስ ችሎታቸውም የሚያስደንቅ ነበር፤ 500 ያህል የሕዝብ ዘፈንና ተረት በቃላቸው አስታውሰው ጽፈዋል። ለትርጉሙም የቃላት ስብስብ አዘጋጁ። ስዊድን ድረስ ተምረው የመጡት ሰው፣ ትናንት ከባርነት ከወጡ ወጣት ሴት ቃል ጠየቁ! እኔ ከድፍረታቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። መጽሐፉ ሲጠራ የአስቴር ስም መዘንጋቱ ግን ያሳዝናል።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ ሁለቱ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዝ አገር በቅዱስ ክሪሾና ወጣ። ፊደሉ የእኛው የግዕዝ ፊደል ነበር።

መንገዱ በመጨረሻ በ1904 ተከፈተ። ኦነሲሞስ መጽሐፉን ይዘው ወለጋ ገቡ፤ በነቀምቴም ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1906 ተከሰው እንዲሰደዱ ቢፈረድባቸው ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ መለሷቸው፤ ስብከት ግን ተከለከሉ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱላቸው ድረስ በግልጽ ልጆችን ሲያስተምሩ፣ በስውር ደግሞ ወንጌልን ሲሰብኩ ቆዩ። በሰኔ 1931 እዚያው ነቀምቴ አረፉ።