የዋሺንግቶን መሥሪያ ቤቶችና ሚስተር አንድሩ ሜለን

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ሁሉ ጉዳይ የሚፈጸምበት ስፍራ ነው። መሥሪያ ቤቶች ያለ አሳብ እዚህም እዚያም ተበታትነው የተሠሩ እንደ ሆነ ባለ ጉዳይ ሲንከራተት ይውላል፤ መዝገብም ለእሳትና ለጥፋት ይጋለጣል። ይህን ተረድተው በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግቶን ብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ፕላን ተስማምተው እንዲሠሩ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ሚስተር አንድሩ ሜለን ናቸው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ሜለን በ1855 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቶማስ ሜለን በልጅነታቸው ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፥ በኋላ ዳኛና ባለ ባንክ ለመሆን የበቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም በአባታቸው ባንክ ሥራ ተምረው በ1882 ዓ.ም. ባንኩን ተረከቡ። ከዚያ በኋላ ገንዘባቸውን በአሉሚኒየምና በነዳጅ ዘይት ሥራ ላይ አውለው ከአገሩ ታላላቅ ባለጠጎች አንዱ ሆኑ። በጠባያቸው ዝምተኛ ነበሩ። በ1921 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ የገንዘብ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው፤ በፕሬዚዳንት ኩሊጅና በፕሬዚዳንት ሁቨር ዘመንም በዚሁ ሹመት ጸንተው እስከ 1932 ዓ.ም. ቆዩ።

በዚያ ዘመን የመንግሥትን ሕንፃ የማሠራት ኃላፊነት የገንዘብ ሚኒስቴር ነበረ። ሚስተር ሜለን በተሾሙበት በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በንግድ ሚኒስቴር ምድር ቤት እሳት ተነሥቶ፥ በ1890 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቈጠራ መዝገብ ብዙው በእሳቱና እሳቱን ለማጥፋት በፈሰሰው ውሃ ተበላሽቶ ነበር። ብዙ መሥሪያ ቤቶችም በኪራይ ቤት ተጨናንቀው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ኮንግሬስ የተባለው የሕግ ምክር ቤት በ1926 ዓ.ም. የሕዝብ ሕንፃዎችን ሕግ አውጥቶ ለዋና ከተማው 50 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ።

ለሥራው የተመረጠው ስፍራ ምክር ቤቱ ካለበት ከካፒቶል ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት በሚወስደው በፔንሲልቬኒያ ጎዳና በስተ ደቡብ የሚገኝ፥ ሦስት ማዕዘን ያለው ወደ 28 ሄክታር የሚሆን መሬት ነው። ስፍራው በአሮጌ ቤቶች፥ በትናንሽ ሱቆችና በትልቅ የገበያ አዳራሽ ተሞልቶ ነበር። ሚስተር ሜለን ለየሕንፃው ለየብቻ ፕላን ከማስነሣት ይልቅ፥ በ1927 ዓ.ም. ስመ ጥር የሆኑ የሕንፃ መሐንዲሶችን በአንድ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ የጉባኤውም ሊቀ መንበር የቺካጎው ኤድዋርድ ቤኔት ሆኑ። ለአባሎቹ አንዳንድ ሕንፃ ተከፋፈለ፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ውል ታሰሩ። የግንቡ ከፍታ እንዲመጣጠን፥ ፊቱ በኖራ ድንጋይ እንዲለበጥ፥ ጣራው ቀይ ሸክላ እንዲሆን፥ አዕማዱም በጥንታውያን በግሪክና በሮም ሥርዓት እንዲቆሙ ተስማሙ። እያንዳንዱ መሐንዲስ ስሙን የሚያስጠራለትን ልዩ ነገር ትቶ ለጠቅላላው መልክ እንዲገዛ መደረጉ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው።

ነገር ግን በ1929 ዓ.ም. ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት በአሜሪካ ላይ ደረሰ። ሚሊዮኖች ሥራ አጥተው ሳለ የድንጋይ አዕማድ መቆማቸው ብዙዎችን አስቈጣ፤ ሌሎች ደግሞ ግንባታው ለሠራተኛ እንጀራ ይሰጣል ብለው ደገፉት። በ1932 ዓ.ም. መጀመሪያ ሚስተር ሜለን በኮንግሬስ ተከሰው ምርመራ ሲጀመርባቸው ሚኒስትርነታቸውን ለቀው በለንደን አምባሳደር ሆኑ። በዚያው ዓመት በጁላይ፥ የተስፋ ገንዘባቸው እንዲከፈላቸው ለመለመን ከመጡት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ከፊሎቹ ለመፍረስ በተወሰኑት በዚያ ስፍራ አሮጌ ቤቶች ሰፍረው ነበር። ፖሊስ ከዚያ ሲያስወጣቸው ጠብ ተነሥቶ ሁለት ሰዎች በጥይት ተመተው ሞቱ። ያማሩት ግንቦች የተነሡበት መሬት ይህን ኀዘን ደግሞ ይዟል።

ሥራው ግን አልቆመም። ከ300 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ በ1932 ዓ.ም. ሲያልቅ በዓለም ካሉት የቢሮ ሕንፃዎች ሁሉ ትልቁ ተባለ። የገበያ አዳራሹ በ1931 ዓ.ም. ፈርሶ በስፍራው ጆን ራስል ፖፕ የነደፉት የብሔራዊ መዛግብት ቤት ተሠራ፤ የመንግሥቱም መዝገብ መጠጊያ አገኘ። በሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ያለው የመጨረሻው ሕንፃም በ1938 ዓ.ም. ተፈጸመ።

ሚስተር ሜለን ይህን ለማየት አልደረሱም። ከለንደን ከተመለሱ በኋላ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ግብር አጭበርብረዋል ብሎ ከሰሳቸው። ክርክሩ ገና ሳያልቅ የሰበሰቧቸውን ታላላቅ ሥዕሎችና የሥዕል ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ለሕዝብ ሰጡ፤ ቤቱም በስማቸው እንዳይጠራ አስታወቁ። በኦገስት 26 ቀን 1937 ዓ.ም. አረፉ፤ የሥዕል ቤቱን የነደፉት ፖፕም በማግሥቱ ሞቱ። የግብር ፍርድ ቤቱ ሚስተር ሜለን እንዳላጭበረበሩ የፈረደው ከሞቱ በኋላ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ነው። የሥዕል ቤቱ በ1941 ዓ.ም. ተከፈተ።

ፕላኑም ቢሆን እንደ ታሰበው ሁሉ አልተፈጸመም። በ1899 ዓ.ም. የተሠራው ባለ ግንብ አሮጌው ፖስታ ቤት ከሌሎቹ ጋር አይስማማም ተብሎ እንዲፈርስ ተወስኖ ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ገንዘብ ስለ ጠፋ፥ በኋላም ከተሜው ስለ ተከራከረለት እስከ ዛሬ ቆሟል። በመካከሉ ሊደረግ የታሰበው ታላቅ አደባባይም ለብዙ ዓመታት የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቆይቶ፥ በ1998 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሬጋን ስም የተጠራው ሕንፃ በስፍራው ተመረቀ።

ሹመት አላፊ ነው፤ ክስና ምስጋናም ይፈራረቃሉ። በምክር የተነደፈ ሕንፃ ግን ከሹሙ ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ያገለግላል። ስለዚህ የከተማን መልክ የሚነድፍ ሁሉ ከግንቡ ማማር ጋር ሁለት ነገር ሊያስብ ይገባዋል፤ ይኸውም መሬቱን ለቆ የሚሄደው ድኻ ወዴት እንደሚያድርና የተጀመረውን ከእርሱ በኋላ ማን እንደሚፈጽመው ነው።