እግር በማሸት ስማቸው የተጠራው ወይዘሮ ዩኒስ ኢንግሃም

ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር ማጠብ በአገራችን የቆየ አክብሮት ነው። በአሜሪካ ደግሞ የታመመን ሰው እግር ማሸት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ አንዲት ሴት ነበሩ።

ዩኒስ ኢንግሃም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ሙያቸው ፊዚዮቴራፒ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ከዶክተር ጆሴፍ ራይሊ ጋር ይሠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ዶክተር ዊልያም ፊትዝጀራልድ የተባሉ የአንገት በላይ ሐኪም ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 መስመር ከፍለው በ1917 መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ወይዘሮ ዩኒስ ይህን ሐሳብ ወስደው የብዙ ሕሙማንን እግር በጣታቸው እየተጫኑ መረመሩ፤ የእግሩ ክፍል ሁሉ ከአንድ የሰውነት ክፍል ጋር ይገናኛል ብለው ካርታ ሠሩ። በ1938 መጽሐፋቸውን አወጡ። ከዚያም ከ30 ዓመት በላይ ከከተማ ከተማ እየዞሩ አስተማሩ። በ1974፣ በ85 ዓመታቸው አረፉ። ዘዴው ዛሬ ሪፍሌክሶሎጂ ይባላል።

ካርታቸው በሳይንስ አልተረጋገጠም። እግር ማሸት ካንሰርን አያድንም፤ ዕጢንም አያጠፋም። ሆኖም አንዳንድ ጥናቶች የካንሰር ሕሙማንን ጭንቀትና ሕመም ለጊዜው እንደሚያስታግስ አሳይተዋል። በእንግሊዝ አንዳንድ ሆስፒታሎች ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ቁም ነገር አለው። በአገራችን በሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። ከአርቦዬ ተነስታ አሰላ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ ለምትመላለስ እህት ትራንስፖርቱ ብቻውን ከባድ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ አንድ ብር ሁለት ቦታ እንደማይከፈል አውቃለሁ። ስለዚህ ያጠራቀምነውም ሆነ ለጋሾች የሚሰጡን ገንዘብ በቅድሚያ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለመንገድ ይዋል። ፈውስ እሰጣለሁ ብሎ ከሐኪም የሚያስቀር ሰው ከመጣ ገንዘባችንንም እህታችንንም አንስጠው።

እግር ማሸት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ልጅ ለእናቷ፣ ጎረቤት ለጎረቤቷ ለብ ባለ ውኃ አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ በቀስታ ልታሽላት ትችላለች። እግሯ ካበጠ፣ ቁስል ካለባት ወይም ደሟ ረግቶ የሚያውቅ ከሆነ ግን ሐኪሟ ሳይጠየቅ አይነካ። ለታመመች እህት ሕክምናውን ሐኪም ይሰጣታል፤ አጠገቧ መቀመጥ የእኛ ድርሻ ነው።