ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ፦ በሕዝብ ድምፅ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት

በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ሄክታር ቡና ያለውም ሩብ ሄክታር ያለውም አባል እኩል አንድ ድምፅ አለው። ይህ ደንብ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ተደንግጎ የቆየና በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የቀጠለ በመሆኑ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይታያል። ይሁን እንጂ በአገራችን ድምፅ መስጠትም ሆነ ለመመረጥ መቅረብ የሁሉም ሰው መብት ያልነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ገበሬው በንብረቱ፣ ሴቷ በሴትነቷ ወደ ኋላ በሚባሉበት በዚያ ዘመን በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ለመሆን የበቁት የመጀመሪያዋ ሴት ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ የእኚህን ታላቅ ሴት የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ለአባላትና ለአንባቢያን እናቀርባለን።

ትውልድና ትምህርት

ወ/ሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በምትገኘው አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ ከውጭ አገር ሚሲዮናውያን ዘንድ የተማሩና በርካታ ቋንቋዎች የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኞች ቡድን አባላትም አንዱ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ሴት ልጅን ማስተማር በብዙ ቤት የማይታሰብ ነገር ነበር። ከንቲባ ገብሩ ግን ልጃቸውን ገና በልጅነቷ ወደ አውሮፓ ላኩ። ወ/ሮ ስንዱ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው፣ በሎዛን የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ተከታትለው ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ። የውጭ አገር ትምህርት የቀሰመች ኢትዮጵያዊት በጣት በምትቆጠርበት በዚያ ወቅት ያገኙትን እውቀት ለአገራቸው ሴት ልጆች ለማካፈል ተነሡ።

በጠላት ወረራ ዘመን

ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገሪቱን ወረረ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ ትግሉን ለመቀጠል የቆረጡ የጦር መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄደው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ወ/ሮ ስንዱም ከዚህ ትግል ጎን ተሰለፉ። በልዑል ራስ እምሩ የሚመራው የምዕራቡ ጦር በከፋ ምድር በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት ተከቦ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጁን ለመስጠት ተገደደ። የጅማና የከፋ ገበሬ በየዕለቱ የሚሻገረው ጎጀብ የዚህ ታሪክ ምስክር ነው።

በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እየለቀሙ ገደሉ፣ ብዙዎችንም ወደ ጣሊያን አጋዙ። ወ/ሮ ስንዱም ሰርዲኒያ አጠገብ በምትገኘው የአዚናራ ደሴት ከታሰሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ነበሩ። ከእስር ተፈትተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገና የሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ።

መምህርትና ርዕሰ መምህርት

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የትምህርት ሥራ እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። አስተማሪ ጠፍቶ፣ መጽሐፍ ጠፍቶ፣ የተማረው ትውልድ በጦርነቱ አልቆ ነበር። ወ/ሮ ስንዱ በደሴ በወ/ሮ ስህን ትምህርት ቤት በኃላፊነት ከሠሩ በኋላ በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርዕሰ መምህርት ሆኑ። ቀድሞ በውጭ አገር ሴቶች ይመራ የነበረው ይህ አዳሪ ትምህርት ቤት በኢትዮጵያዊት እጅ መግባቱ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ልጃገረዶች መምህራን፣ ነርሶችና የቢሮ ሠራተኞች ሆነው በየክፍለ ሀገሩ ተሰማርተዋል።

ወ/ሮ ስንዱ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ በመድረክ ያሠሩ የነበሩ ሲሆን፣ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ሥራቸውን አሳትመዋል። በአማርኛ ከጻፉ ቀደምት ሴት ደራስያንም አንዷ ሆነው ይቆጠራሉ።

የ1950 ዓ.ም. ምርጫ

የዚህን ምርጫ ትርጉም ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። ነገር ግን የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ፣ የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ገበሬው ራሱ ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት አልነበረም።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት እንደ ቀድሞው በሹመት ሲቀጥሉ፣ የሕግ መምሪያው አባላት ግን በየአራት ዓመቱ በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተደነገገ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ድምፅ የመስጠት መብት አገኘ። አገሪቱ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች ተከፋፍላ እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ሁለት ተወካይ እንዲልክ ተደረገ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞችም የራሳቸው ተወካይ ተሰጣቸው።

ለመመረጥ ግን ሌላ መስፈርት ነበር። እጩው ዕድሜው 25 ዓመት የሞላ፣ በወረዳው የሚኖርና ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ንብረቱም የአንድ ሺህ ብር ግምት ያለው መሬት ወይም የሁለት ሺህ ብር ግምት ያለው ተንቀሳቃሽ ሀብት ነበር። በዚህ የተነሣ ቡናውን እየለቀመ ለባለ መሬቱ የሚያካፍለው ጭሰኛ ድምፅ ቢሰጥም ለመመረጥ መቅረብ አይችልም ነበር። የፖለቲካ ፓርቲም ስላልነበረ እጩው የሚተማመነው በንብረቱ፣ በዝናውና በሚያውቁት ሰዎች ላይ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ምርጫ በመስከረም ወር 1950 ዓ.ም. ተካሄደ። ወ/ሮ ስንዱም በመምህርነት ያፈሩትን ስም ይዘው ተወዳድረው አሸነፉ። ምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው። ከሁለት መቶ በላይ መቀመጫ ባለው፣ አብዛኛው አባል ባለ ርስትና ሹም በሆነበት ምክር ቤት አንዲት ሴት ከመድረክ ተቀምጣ ስብሰባ ለመምራት መብቃቷ ከዚያ ቀደም ታይቶ አይታወቅም።

የመጀመሪያው የተመረጠ ምክር ቤት ሥራ

ይህ ምክር ቤት በአራት ዓመት ዘመኑ ካያቸው ሕጎች ትልቁ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከ3 ሺህ 3 መቶ በላይ አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ የጋብቻን፣ የውርስን፣ የውልንና የመሬት ኪራይን ጉዳይ አንድ ላይ ሰብስቦ ደነገገ። አብዛኛው የውል ክፍሉ እስካሁንም ይሠራበታል። ማኅበራት ከቡና ገዥ ጋር የሚዋዋሉት ውል እንኳ መሠረቱ ከዚያ ይመዘዛል።

ሆኖም ሁለት ነገሮች የዚያን ምክር ቤት ወሰን ያሳያሉ። አንደኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። ሕጉ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፣ ሚስትም ትታዘዝለታለች የሚል ሐሳብ ያዘለ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንቷ ሴት በሆኑበት ምክር ቤት ዘመን የወጣው ይህ ድንጋጌ ከአርባ ዓመት በኋላ በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም.፣ በኦሮሚያ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በወጡት የቤተሰብ ሕጎች ተሻረ። አንዲት ሴት ወንበር ላይ መቀመጧ ብቻ ሕግን እንደማይለውጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው የጭሰኛው ጉዳይ ነው። ያው ሕግ ባለ መሬቱ ከጭሰኛው ምርት የሚወስደው ድርሻ ከሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ ማለት ከአራት ቁና ቡና ሦስቱ ለባለ መሬቱ ቢሄድ ሕጋዊ ነበር ማለት ነው። ጭሰኝነት በስፋት በነበረበት በከፋ ክፍለ ሀገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የጎማ፣ የሊሙና የማና አባቶች ያውቁታል። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. አራት ምርጫዎች ተካሂደዋል። የባለ መሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ለማሻሻል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግም ለምክር ቤቱ በተደጋጋሚ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀርቷል። ለመመረጥ ንብረት ግዴታ በሆነበት ምክር ቤት ባለ ንብረቱ የራሱን ጥቅም የሚነካ ሕግ ያወጣል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነበር። በመጨረሻ ምክር ቤቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ጭሰኝነትም በምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ አዋጅ ተወገደ።

ከምክር ቤት በኋላ

ወ/ሮ ስንዱ ከምክር ቤት አባልነታቸው በኋላም በመንግሥት ሥራ አገልግለዋል፤ በምዕራብ ጀርመን ቦን በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲም ሠርተዋል። ዘውዳዊው ሥርዓት ሲወርድ፣ ደርግ መጥቶ ሲሄድ፣ ሴቶች በምክር ቤት በብዛት ሲገቡ ለማየት የበቁ ረጅም ዕድሜ ነበራቸው። በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እርሳቸው ምክትል ፕሬዚዳንት ከሆኑ ከ60 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ወ/ሮ ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ። ከምክትልነት እስከ ዋናው ወንበር የነበረው መንገድ የሁለት ትውልድ ዕድሜ ፈጅቷል።

ለማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት

በቡና አምራች አካባቢዎቻችን ችግኝ የምታፈላው፣ እሸት ቡና የምትለቅመው፣ በአልጋ ላይ የተሰጣውን የምታገላብጠውና ብልሽቱን የምትለየው በአብዛኛው ሴት ናት። ይሁንና በማኅበር መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ የአባወራው ስም ነው። ስሟ በመዝገብ የሌለ ሴት በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የላትም፤ ለሥራ አመራር ኮሚቴ አትጠቆምም፤ የትርፍ ክፍፍሉንም በእጇ አትቀበልም። አዋጁ በሩን አልዘጋባትም፤ የሚያግዳት የቆየ ልማድ ነው።

ስለዚህ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ሦስት ነገሮች ቢሠሩ ጥሩ ነው። አንደኛ፣ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ዕጣ ገዝተው በየስማቸው አባል እንዲሆኑ ማበረታታት። ሁለተኛ፣ የጠቅላላ ጉባኤውን ሰዓት ሴቶች ከገበያና ከቤት ሥራ በሚያርፉበት ጊዜ ማድረግ። ሦስተኛ፣ ሴት አባላትን ለቁጥር ማሟያ ሳይሆን ሒሳብ መያዝና ስብሰባ መምራት አሠልጥኖ ለኃላፊነት ማቅረብ። የቀበሌና የወረዳ ኃላፊዎችም ማኅበራትን ሲደግፉ ይህን ቢከታተሉ ሥራው ይቀላል።

ወ/ሮ ስንዱ ምክር ቤት የገቡት በመጀመሪያ ተምረው፣ ቀጥሎ ሌሎችን አስተምረው፣ በሥራቸው የሕዝብ አመኔታ ካገኙ በኋላ ነው። ከጅማ ቦሳ አዲስ እስከ አጋሮና ሊሙ ያሉ ማኅበራትም ሴት አባሎቻቸውን በዚሁ መንገድ ቢያዘጋጁ በሚቀጥሉት የምሥረታ በዓላት ከመድረክ የሚታዩት ሰብሳቢዎች ሁለቱም ጾታዎች ይሆናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ድሩን የምትፈትለውም ሴት መሆኗ አይዘነጋ።

መልካም የምሥረታ በዓል!