መኪናና ሸክላ፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

ለዚህ እትም የአንድ ቀደምት ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ሲነገረን አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ወይ የጦር ጀግና ወይ ደራሲ ፍለጋ ገቡ። እኔ ግን መኪና መንዳትንና በሸክላ መዝፈንን ባንድ ጉዞ ይዘው የተመለሱ ሰው መረጥኩ። ዛሬ መኪናና ዘፈን ተለያይተው አያውቁም፤ ታክሲውም ሚኒባሱም የሰርግ አጃቢውም ያለ ሙዚቃ ጎማው የሚዞር አይመስልም። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ሁለቱም ለአገራችን እንግዳ ነበሩ። ሁለቱን ባንድ ሰው እጅና ጉሮሮ ያገናኙት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ትውልዳቸው ከሞጆ ወደ አረርቲ ሲኬድ የሚገኘው ምንጃር እንደሆነ ይነገራል፤ ስለዚህ ለእኛ ለአዳማና ለአካባቢዋ ልጆች የሩቅ ሰው አይደሉም። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ሆነው በጨዋታ አዋቂነታቸው፣ በድምፃቸውና ሰምና ወርቅ ባለው ግጥማቸው ታወቁ።

1900 ዓ.ም. ለእሳቸው ትልቅ ዓመት ነበር። በዚያን ጊዜ አንዱ በእንግሊዛዊ፣ ሌላው በጀርመናዊ እጅ ሁለት መኪኖች አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ዓመት አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ልብ በሉ! ብረት የሚቀጠቅጠው ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ የሚናቅበት ዘመን ነው። የሚዘፍነውም ቢሆን አዝማሪ ተብሎ ድግስ ላይ ይወደዳል እንጂ ልጅ አይዳርለትም። ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱ መኪናውን የሚያውቅ የአገር ልጅ ሲፈልጉ ተሰማ የመኪና አነዳድና ጥገና እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ።

በርሊን ላይ ነው እንግዲህ ታሪኩ የሚገናኘው። እጃቸውን ግሪስ ያስነካው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀዱ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች እነዚህ ናቸው። በጊዜው ማይክሮፎን የሚባል ነገር ለዘፈን ቀረጻ አልዋለም። ዘፋኙ ትልቅ ጥሩንባ መሰል ቀንድ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ ድምፁ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑ መርፌ ያንቀሳቅሳል፤ መርፌው ሰም ላይ ይቦረቡራል። አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት አራት ደቂቃ አይበልጥም። የአገራችን ጨዋታ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቢቀጥል የማይጠገብ ነው። ያን ሁሉ ሦስት ደቂቃ ውስጥ መክተት ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል።

ስለዚህ ቀረጻ በደንብ የገባኝ ሶደሬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የአጎቴ ልጅ መኪናው ውስጥ የማይታይ ሰብዉፈር ለማስገባት አዳማ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። እሱ የፈለገው ከኋላ፣ የስኮርት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ እንዲቀበርለት ነበር። ባለሙያው እምቢ አለ። ጎማ መንገድ ላይ ቢተነፍስ ሙዚቃ ወደ ቤት አያደርስህም ብሎ ከኋላው ጎማ በላይ ባለው የጎን ክፍተት ልክ የእንጨት ሳጥን ሠራ። ሳጥኑ አየር እንዳያሳልፍ ጠርዙን ሁሉ አሸገ፤ ምክንያቱም ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ከፊት ከሚወጣው ጋር ከተገናኘ ቤዙ ይጣፋል። ከባትሪው የሚመጣውን ወፍራም ገመድ በአንድ ጎን፣ የድምፁን ቀጭን ገመድ በሌላው ጎን አሳለፈ፤ አለበለዚያ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ስፒከሩ ያፏጫል። ፊውዙን እዚያው ባትሪው አጠገብ አደረገው፤ ገመዱ ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ ፊውዙ ቀድሞ ይቃጠላል እንጂ መኪናው አይቃጠልም። ነጌቲቩን ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ በብሎን አሰረው። በመጨረሻ የመኪናውን የራሱን ምንጣፍ መለሰበትና ምንም እንዳልነበረ ሆነ።

ለምን ተደብቆ ይሠራል? ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው። የ40 ኸርዙ ከስምንት ሜትር በላይ ይሆናል። ጆሯችን ከየት እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ስለሚያቅተው ስፒከሩ የትም ቢቀመጥ ግድ የለውም።

ቅዳሜ ሶደሬ ወረድን። አዋሽ ዳር፣ ከፍል ውሃው ወዲህ፣ ጦጣዎቹ ሳንድዊች ሲያደቡ የኛም መኪና እንደሌሎቹ ኋላዋን ከፍታ መደለቅ ጀመረች። የምር መሬቱ ይርገበገብ ነበር። እኔም ስልኬ ላይ የጫንኩትን የነጋድራስ ተሰማን ቀረጻ አስከፈትኩ። ሰብዉፈሩ ጸጥ አለ። የአጎቴ ልጅ ገመድ የተነቀለ መስሎት ምንጣፉን ሊያነሳ ተነሳ። ግን ምንም አልተነቀለም። የዚያ ዘመን ቀንድ ወፍራሙን ድምፅ መያዝ አይችልም፤ ከ200 ኸርዝ በታች ያለው ከሞላ ጎደል ሸክላው ላይ አልገባም። በኤሌክትሪክ መቅረጽ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ሳጥን ለተሰማ የሚያዋጣው አልነበረውም። በበሩ ትንንሽ ስፒከሮች የቀረው የሰውዬው ድምፅና ቃል ብቻ ነበር። ያም በቂ ነበር።

ተሰማ ከጀርመን ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው ሆኑ፤ ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግም አገኙ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ግን ያ ቅርበት ዋጋ አስከፈላቸው። የነበሩበት ከፍታ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ግጥማቸው ግን ከሰው አፍ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1921 ጅማ ላይ ይድነቃቸው የሚባል ልጅ ወለዱ። አዎ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ አባት የምንለው ይድነቃቸው ተሰማ! በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ቡድኑን የመሩት፣ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት የእሳቸው ልጅ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ። ሸክላዎቻቸው ለረጅም ዓመታት በሰብሳቢዎች እጅ ብቻ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጲክስ በተሰኘው ተከታታይ 27ኛ ቅጽ በሲዲ ወጥተው እነሆ እኛም ጆሮ ደርሰዋል።

እኔን የገረመኝ ይኼ ነው። ተሰማ በዘመናቸው የሚናቁትን ሁለት ሙያዎች፣ የባለ እጅንና የአዝማሪን፣ ያለ ኀፍረት ባንድ ላይ ይዘው ቤተ መንግሥት ገቡ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ሙሉ በሙሉ የለቀቀን አይመስለኝም። ሶደሬ ላይ በየመኪናው የሚደልቀውን ሁሉ እናደንቃለን፤ ሠሪውን ግን ስሙን የሚጠይቅ የለም፤ ልጃችን ጋራዥ ልግባ ቢልም ፊታችን ይጠቁራል። ዘፋኝ ልሁን ካለማ አለቀ! ያ የአዳማ ልጅ ግን ፊውዙን የት ማድረግ እንዳለበት፣ የስኮርት ጎማው ለምን ቦታውን መልቀቅ እንደሌለበት ማንም ሳያስገድደው ያስባል። ሥራው ምንጣፍ ሥር ስለሆነ አይታይም እንጂ ሕይወት አለበት።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ማይክሮፎን የምንይዘው የታወቀ ሰው ሲመጣ ብቻ ከሆነ ከምንጣፍ በላይ ያለውን ብቻ ነው የምንዘግበው። በሚቀጥለው እትም የእኔ ዓምድ እንግዳ ያ ኤሌክትሪሺያን እንዲሆን ጠይቄዋለሁ፤ ሥራ ካልበዛበት እመጣለሁ ብሎኛል። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን!