ዎከር ኢቫንስና የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎች

አሜሪካዊው የፎቶግራፍ ሰው ዎከር ኢቫንስ በሴንት ሉዊስ ከተማ በ1903 ተወለደ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው በማግሥቱ ዓመት በ1904 ነበር። በወጣትነቱ ደራሲ ለመሆን ተመኝቶ በ1926 ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ ብዕሩ ግን ስላልታዘዘለት አገሩ ተመልሶ ካሜራ ያዘ። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቅባቸውን የአላባማ ድሀ የጥጥ ጭሰኞች ከደራሲው ከጄምስ ኤጂ ጋር ተጉዞ በ1936 አነሣ። በ1938 የኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ።

ካሜራውን ደብቆ ወደ ምድር ውስጥ የወረደው እንግዲህ በዚሁ የክብር ዓመት ነው። ትንሿን የ35 ሚሊ ሜትር ኮንታክስ ካሜራ ደረቱ ላይ አሰረ፤ የሚያብለጨልጨውን ብረቷን ጥቁር ቀባው፤ ሌንሷ በካፖርቱ ቁልፎች መካከል ብቻ ብቅ እንድትል አደረገ። ፎቶ የምታስነሣው ቀጭን ሽቦ በእጅጌው ውስጥ አልፋ ከመዳፉ ትደርሳለች። ብዙ ጊዜ ወጣቷ ፎቶግራፍ አንሺ ሄለን ሌቪት አብራው ትሳፈር ነበር፤ ባልንጀራ ያለው መንገደኛ መቼም ብዙ አያጠራጥርም።

የሙያው ባለቤት የሆነ አንባቢ የችግሩን ልክ ይረዳዋል። ፉርጎው ይንቀጠቀጣል፤ የአምፑሉ ብርሃን ደካማ ነው፤ ብልጭታ መጠቀም ምስጢሩን ማውጣት ነው፤ በካሜራው መመልከቻ አጮልቆ ማነጣጠርም የማይታሰብ ነው። ኢቫንስ ይህን ሁሉ ወዶ ተቀበለው። ስቱዲዮ የገባ ሰው ክራባቱን አስተካክሎ ለካሜራው የሚሆን ፊት ያዘጋጃል፤ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው የደከመው ሠራተኛ፣ ባለ ባርኔጣዋ ወይዘሮ፣ ጋዜጣ አንባቢው ግን ማንም አያየኝም ብለው ፊታቸውን እንዳለ ትተውታል። እሱ የፈለገው ያንን ፊት ነበር።

ግን ማን ፈቀደለት? ድርጊቱ ከሰላይነት እንደማይርቅ ራሱም አልካደም። እስከ 1941 ድረስ ያነሣቸው ከ600 በላይ ናቸው፤ ጥቂቶቹን በመጽሔት ከማውጣቱ በቀር፣ 89ኙን መርጦ በመጽሐፍ ያሳተመው በ1966 ነው። ኤጂ መግቢያውን በ1940 ጽፎለት ነበር፤ በ1955 ስለሞተ መጽሐፉን አላየውም። ሃያ አምስት ዓመት መታገሡ ጨዋነት ነው፤ ፈቃድን ይተካል ለማለት ግን ይህ ጸሐፊ አይደፍርም። ከተሳፋሪዎቹም ስንቶቹ በሕይወት ቆይተው ፊታቸውን በመጽሐፉ ውስጥ አግኝተው ይሆን?

ኢቫንስ በስተርጅና በዬል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1975 ዐረፈ። የተዋቸው ኔጋቲቮች በ1994 የኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ንብረት ሆኑ።