በ15 ዶላር ከተማ ገብታ ለተባረሩ ልጆች ቤት የከፈተችው ማርሻ

ከሚሴ ላይ አንድ ፌስታል ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈሩ ልጆችን ሁላችንም አይተናል። የማያውቁት ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ ማን ይቀበላቸዋል? ዛሬ ይሄ ጥያቄ በራሷ ላይ ስለደረሰባት ሰው እናውጋችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ማርሻ ፒ. ጆንሰን በ1945 አሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ ውስጥ ተወለደች። ጥቁር ቤተሰብ፣ ሰባት ልጆች፣ አባት የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ። ስትወለድ ወንድ ተብላ ነበር የተመዘገበችው፤ በልጅነቷ ቀሚስ ስትለብስ የሰፈር ልጆች መከራዋን ስላበሏት ተወችው።

በ1963 ትምህርቷን ጨርሳ 15 ዶላርና አንድ ሻንጣ ልብስ ይዛ ኒው ዮርክ ገባች። አስተናጋጅ ሆና ሠራች፣ ጎዳና አደረች፣ ገላዋን ሸጣም በላች። ፖሊስ ደጋግሞ አሰራት።

ሰኔ 1969 ፖሊስ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚሰበሰቡበትን ስቶንዎል የተባለ መጠጥ ቤት ወረረ። ተስተናጋጆቹ አንታዘዝም አሉ፤ ግጭቱ ለቀናት ቀጠለ። ብዙዎች ያስጀመረችው ማርሻ ናት ይላሉ። እሷ ግን የደረሰችው ከተጀመረ በኋላ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች።

እኛን የገረመን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1970 ማርሻና በልጅነቷ ጎዳና የወጣችው ጓደኛዋ ሲልቪያ ሪቬራ ቤተሰብ ያባረራቸውን ልጆች መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ ያስተኟቸው የቆመ የጭነት መኪና ተሳቢ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ግን ተሳቢው ልጆቹ እንደተኙበት ተነድቶ ሄደ! ከዚያ ያረጀ ቤት ተከራዩ። ልጆቹ ገላቸውን እንዳይሸጡ ሁለቱ ጎዳና ወጥተው ኪራዩን ይከፍሉ ነበር። ቤቱ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ በ1971 በኪራይ ምክንያት ተባረሩ።

በ1992 የማርሻ አስከሬን ሃድሰን ወንዝ ውስጥ ተገኘ። ፖሊስ ራሷን አጠፋች ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ ጓደኞቿ አላመኑም። በ2012 ምርመራው እንደገና ተከፈተ። በ2020 ብሩክሊን ያለ አንድ ፓርክ በስሟ ተሰየመ።

እኛ አገር የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በዚህ የተነሳ ከቤት የተባረረ ልጅ እርዳታ ለመጠየቅም ይፈራል። ሌሊቱ ግን እሱም ላይ ይመሻል። የት ያድራል? መጀመሪያ የሚያገኘው የሚያስጠጋውን ነው ወይስ የሚነግድበትን?

ማርሻ ሀብት አልነበራትም። ግን እነዚያ ልጆች የት እንዳደሩ የምትጠይቅ እሷ ነበረች።