ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ ዐፄ ቴዎድሮስና ሴባስቶፖል

ዐፄ ቴዎድሮስ በቋራ ካሣ ኃይሉ በሚል ስም ያደጉ ሲሆን፣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነግሠው በዘመነ መሳፍንት የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግ የተነሡ ንጉሠ ነገሥት ናቸው።

ንጉሡ መድፍ በአገር ውስጥ እንዲሠራ አጥብቀው ይመኙ ስለነበር በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የመሣሪያ መሥሪያ አቋቋሙ። በዚያም ለወንጌል አገልግሎት የመጡ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎችን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አሰማሩ። ባለሙያዎቹ ሙያቸው አለመሆኑን ቢያስረዱም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው የማቅለጥ ሙከራ ቢከሽፍም ሥራው ቀጥሎ፣ በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

ይሁንና መድፉን መሥራት ብቻውን በቂ አልነበረም፤ የሚሸከመው ሠረገላና የሚሄድበት መንገድም መበጀት ነበረባቸው። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግሮ ከወራት ጉዞ በኋላ በወሎ ከሚገኘው መቅደላ ደረሰ። መንገዱ ሲጠረግ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ ፈንቅለዋል። ድካሙ ግን በዐመፅና በስንቅ እጦት የተመናመነውን ሠራዊት ይበልጥ አዛለ።

ያ ሁሉ የተደከመበት መድፍም በጄኔራል ናፒየር የተመራውን የእንግሊዝ ጦር አላቆመውም። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

ሴባስቶፖል በመቅደላ አምባ ላይ የቀረ ሲሆን፣ አምሳያውም በአዲስ አበባ በስማቸው በተሰየመው አደባባይ እንዲቆም ተደርጓል።